አራቱ የግራ ዳዶዎች

አባቴ ጋራዡ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረው፤ ያጠበቀ እጅ ይቀባል። አንድ ዳዶ፣ ቡሎኑን የሚይዘው ብረት፣ የመጨረሻውን ጥብቅ ካለ በኋላ፣ ያጠበቀው ሰው ራሱ በቀይ የጥፍር ቀለም ከዳዶው ጀምሮ እስከ ተቀመጠበት ብረት ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምርበታል። ቀይ ያለው ዳዶ አይነካም፤ ቀይ የሌለው አይታመንም። ዳዶው ውሎ አድሮ ቢላላ መስመሩ ለሁለት ይከፈላልና ማንም ሳይነካው ራሱን ያጋልጣል።

ቀለሙን የምታመጣልን ታላቅ እህቴ ነበረች። "የሰው አባት ልጁ ጥፍሯን ስትቀባ ይቆጣል፤ የኔ አባት ቀለሜን ይቀማኛል" እያለች ትስቅበት ነበር።

በዚያ ሐሙስ እኔ ያላጠበቅኩትን ቀባሁ።

መኪናዋ የእህቴ ባል ፒካፕ ነበረች፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ሹፌሩ፣ ቤታችን ውስጥ የእህቴን ባል የምንጠራው እንዲሁ ነው፣ በእሷ ከእኛ ሰፈር ወደ ታችኛው ከተማ ድንች ያወርዳል። ባለፈው ሳምንት የኋላ ጎማዋ የተደረመሰ ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የተሸከመው ወፍራም ብረት፣ አክስሉ፣ ወገቡ ላይ ተሰነጠቀ። ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል፤ የግራው ጎማ እንደ ሰካራም ጫማ ወደ ውስጥ ዘሟል። ሹፌሩ ከአንዲት የተጣለች መኪና የወጣ አክስል ፈልጎ አመጣና አሮጌውን አውርደን ይሄኛውን እንድንገጥምለት ሁለት ቀን ሰጠን። ሦስተኛ ቀን አልነበረም። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት እህቴ ታች ከተማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከዚህ በፊት አንዱ ወርዶባታል፤ ቀጠሮው አይታለፍም።

ረቡዕ ጠዋት የፊት ጎማዎቿን በድንጋይ አስደገፍን፤ ኋላዋን በክሪክ አንስተን በብረት እግሮች ላይ አሳረፍናት፤ እኔ ከቀኝ፣ አባቴ ከግራ ገባን።

"ዲግሪ!" አለኝ ከማዶ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ከእሱ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ስሜ ይሄው ነው።

"አቤት አባዬ።"

"ትምህርት ቤት ስለ ዝገት ያስተማሩህ ነገር አለ?"

"አለ እንጂ። ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ…"

"ተወው በቃ። እዚህ ቡሎኑ ከዳዶው ጋር ተጋብቶ ልጅ ወልዷል። መዶሻውን አቀብለኝ፣ ላፋታቸው።"

ሳቅኩ፤ ግን ስስቅም ዓይኔ በላዬ ከተንጠለጠለው ብረት አልተነቀለም። ከመኪና ሥር ስገባ ሁልጊዜ እፈራለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ይሄን ለአባቴ ስነግረው ያፌዝብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን "ፍርሃትህን አትጣል። የማይፈራ መካኒክ ወይ አላዋቂ ነው ወይ ሟች" ነበር ያለኝ።

ሌላም ያልነገርኩት ነገር ነበር። ከዓመት ወዲህ አባቴ መፍቻ ሲመርጥ የተጻፈበትን ቁጥር ማንበብ ትቷል፤ በአውራ ጣቱ አፉን እየለካ ነው የሚያነሳው። ቀለም ሲቀባ ፊቱን ወደ ዳዶው በጣም ያስጠጋል፤ አንዳንዴም መስመሩ ከዳዶው ጎን ባዶ ብረት ላይ ያርፋል። አይቻለሁ። እንዳየሁ እንዳያውቅ ደግሞ ቶሎ ፊቴን አዞራለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በእጁ የኖረ ሰው ዓይኑ እንደከዳው ከልጁ አፍ መስማት የለበትም ብዬ አስብ ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አክስሉን እያንከባለልን አስገባነው። አክስል የሚያርፈው ባሌስትራ ከሚባለው፣ በላይ በላዩ ከተደራረበው የብረት ምላስ ሥር ነው። ከባሌስትራው መሐል አንዲት አጭር ቡሎን ትወጣለች፤ አባቴ እምብርት ይላታል። እምብርቷ አክስሉ ላይ ካለው ጉድጓድ ስትገባ አክስሉ ቦታውን ያገኛል። ከዚያ ስታፋ የሚባሉ፣ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፉ ወፍራም ብረቶች ባሌስትራውንና አክስሉን አንድ ላይ ያቅፏቸዋል፤ ከሥር በዳዶ ይታሰራሉ። በየጎኑ ሁለት ስታፋ፣ አራት ዳዶ።

"ስምንት ዳዶ ነው" አለ አባቴ። "ይቺን መኪና ከኋላ እግሯ ጋር የሚያገናኛት ሌላ ነገር የለም። ሰባቱ ጠብቆ አንዱ ቢቀር፣ ሰባት ጠበቀ አትበለኝ። ምንም አልጠበቀም በል።"

ደግሞ ተሰቅላ ሳለች የጠበቀ ዳዶ ውሸታም ነው። መጀመሪያ ለዘብ አድርጎ አስይዞ፣ ጎማ ገጥሞ፣ መሬት አውርዶ፣ ክብደቷ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው በረጅሙ ቱቦ የመጨረሻው የሚጠበቀው። ቱቦው መፍቻው እጀታ ላይ የሚሰካ የሰው እግር የሚያህል ብረት ነው፤ ያለን አንድ ነበር።

አወረድናት። እኔ ቱቦውን ይዤ የቀኙን ጀመርኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ እግሬን ግድግዳ ላይ ረግጬ አራቱንም አጠበቅኩ፤ ቱቦውን ከመኪናዋ ውጭ አስቀምጬ አራቱንም ቀስ ብዬ ቀባሁ። ከመኪናዋ ሥር ስወጣ አባቴ በግራ በኩል ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ያኔ ሹፌሩ ከበር ላይ ስለ ፍሬን ዘይት ጠየቀውና ወደዚያ ሄደ።

እጁን ሲጠርግ አየሁ፤ እኔ ስቀባ ቱቦውን ወስዶ ጨርሷል አልኩ። አጎንብሼ ከሥር ብመለከት አራቱ ዳዶዎች ቀለም የላቸውም። ዓይኑ እንዳይቸገር፣ ሹፌሩ እያየው ፊቱን ብረት ላይ እንዳይደፋ፣ እኔ ልቀባለት አልኩና ገብቼ በአራቱም ላይ ቆንጆ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አሰመርኩ። መፍቻ አላስነካኋቸውም። ለምን አስነካለሁ? የአባቴን ሥራ ደግሜ ማጥበቅ ስድብ ነው።

ሹፌሩ ድንቹን ጫነ፣ በሜዳው ላይ ሁለት ዙር ዞረ፣ ፍሬኗን ሞከረ፤ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ወርዶ አጎነበሰና ከሥር ተመለከተ። "ስምንቱም ቀይ!" አለ። "አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርከው።"

እህቴ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች ጋቢና ወጣች። በመስኮቱ የቀለሙን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አነሳችና "ጨርሳችሁብኛል፣ ሌቦች" አለችኝ። "ስመለስ ሌላ አመጣለሁ።"

"ቀዩን፣ እታለም። ሮዝ ብታመጪ አባዬ አይሠራበትም።"

ሄዱ። ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን በውሃ በርሜሉ አጠገብ እጅና እግራችንን በሳሙናና በነጭ ጋዝ እንታጠብ ነበር። አባቴ ቀና ሳይል፣ እንደ ማፈር ብሎ "ተባረክ" አለኝ።

"ለምኑ?"

"የግራውን ስላጠበቅክልኝ ነዋ። ትከሻዬ እንደሚያመኝ እንዳየህ ገብቶኛል። እኔማ በአጭሩ መፍቻ አስይዤ ቱቦውን እስክትጨርስ እየጠበቅኩ ነበር። ቱቦውን ይዤ ብመለስ ቀይ ሆኖ አገኘሁት። ዝም አልኩ። ምን ልበልህ፣ ደስ አለኝ።"

ክው አልኩ። ሳሙናው ከእጄ አምልጦ በርሜሉ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁ።

"አባዬ፣ እኔ አላጠበቅኩም።"

"የቱን?"

"የግራውን። የቀባሁት… አንተ የጨረስክ መስሎኝ ነው።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እርጥብ እጆቹ አየር ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ሁለታችንም የምናውቀውን አንዳችን ለአንዳችን መናገር አላስፈለገንም። ባዶ ሜዳ ላይ ያ አክስል ይቀመጣል። ቁልቁለቱ ላይ ግን፣ በጀርባዋ ድንች ተጭና፣ ሹፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር አክስሉ ስታፋዎቹ ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ዳዶዎቹ ይፈታሉ፤ እምብርቷ ከጉድጓዷ ትወጣለች፤ የግራው ጎማ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የፍሬኑ ቱቦ ይበጠሳል። ቁልቁለቱ አሥራ አንድ መታጠፊያ አለው። በአንድ ጎኑ ቋጥኝ፣ በሌላው ጎኑ ምንም።

ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ እየተንሸራተተ ለሹፌሩ ደወልኩ። ስልኩ ከኋላችን፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመዶሻው አጠገብ ጮኸ። ረስቶት ሄዷል። ለእህቴ ደወልኩ፤ አይሠራም። ከገደሉ አፋፍ ካለፉ ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ አልፈዋል ማለት ነው።

"ሞተሩን!" አለ አባቴ።

ሞተር ብስክሌት ያለው ጎረቤታችን አናጢው ደጃፉ ላይ በር እያለሰለሰ ነበር። "ሞተርህን ስጠኝ" ብዬ ስደርስ ቀና አለና "መጀመሪያ ባለፈው የወሰድከውን መሰርሰሪያዬን…" ብሎ ጀመረ። ከኋላዬ አባቴን አየ። ረጅሙን ቱቦና መፍቻውን ታቅፎ፣ የሳሙናው አረፋ ሳይለቀው በባዶ እግሩ ይሮጣል። አናጢው ወሬውን አልጨረሰም። ቁልፉን ወረወረልኝ።

አባቴ ከኋላዬ ተቀመጠ፤ ክሪኩን በጉልበቶቻችን መሐል ወሸቅነው። ሜዳውን ስናቋርጥ "ፍጠን" ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ "ቀስ በል፣ እኛ ከሞትን ማን ይነግራቸዋል" ይለኛል፤ መልሶ "ፍጠን"። ደረቱ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። እኔ የማየው ግን መንገዱን አልነበረም። የማየው ያቺን ቀይ መስመር ነበር፤ ቆንጆ፣ ቀጥ ያለች፣ ብሩሹን አቅንቼ እስትንፋሴን ይዤ ያሰመርኳትን።

አፋፉ ላይ ስንደርስ መንገዱ ወደ ታች ተቆለመመ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ባዶ ነው። ሁለተኛው መግቢያ ላይ አንድ ድንች አየሁ።

አንድ ድንች ብቻ፤ አስፋልቱ መሐል፣ ሳይጨፈለቅ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሦስት። ከዚያ ብዙ፤ ተንከባለው ገደሉ ጠርዝ ላይ የቆሙም ነበሩ። ከኋላዬ "ምንድነው? ምን አየህ? ለምን ቀነስክ?" ይለኛል። አይታየውም። ድንቹ አይታየውም።

"ምንም አይደለም፣ አባዬ" አልኩት። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ያልሆነውን ሆነ ማለቴ ነበር።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አካፋ የያዙ ሁለት መንገድ ጠጋኞች ጠርዙ ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ። ሰው ገደል ቁልቁል ሲመለከት ጀርባው ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅኩ። ሞተሩ ሳይቆም አባቴ ዘሎ ወረደ፤ በጉልበቱ ወደቀ፤ ተነሳ፤ እግሩ እየደማ ወደ እነሱ ሄደ። "ልጄን!" አለ። "ልጄን አያችኋት?"

አንደኛዋ ጠጋኝ ሴት ዞር አለች። እኔ ከሞተሩ ላይ አልወረድኩም።

"ድንቹ ነው የገባው" አለች። "ሁለት ጆንያ። መኪናይቱ ጭራዋ ወደ ገደሉ ሄዶ ሄዶ ለትንሽ ተመለሰች። ወደ ታች አልፋለች።"

"ሴት አለችበት?"

"አለች። ሴትዮዋ ስትጮህ ሰምቻለሁ፤ ሹፌሩን ትሰድበው ነበር።"

አባቴ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይመስለኛል። "ትሰድበዋለች? ትሰድበዋለች አለች!" እያለ ተመልሶ ሞተሩ ላይ ወጣ።

አራተኛው መታጠፊያ ላይ አገኘናቸው። ፒካፗ አፍንጫዋን ከቋጥኙ ጋር አላትማ፣ የውስጠኛው ቦይ ውስጥ ተዘንብላ ቆማለች፤ ከጎማዎቿ ፊት ድንጋይ ተደርድሯል። ሹፌሩ መንገዱ መሐል ቁጢጥ ብሎ ራሱን ይዟል። እህቴ ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፤ ሌላው ጭብጥ ብሏል።

"እታለም! ደህና ነሽ? ልጁስ?"

"ይራገጣል" አለች። "እንደ እኔ ተናዷል መሰለኝ።"

ሹፌሩ ቀና አለ። "ጭራዋ ሲወዛወዝ ቆም በል አለችኝ። እኔ ደግሞ ስምንቱንም ቀይ አይቻለሁ አልኳት። በዓይኔ አይቻለሁ፣ አባባ! የአባትሽ እጅ ነው አልኳት፤ ጎማው ነው፣ መንገዱ ነው አልኳት…"

"ድንቹ ሲገባ ነው የሰማኝ" አለች እህቴ። "በአንደኛ ማርሽ ወደ ግድግዳው አስጠጋት፣ አፍንጫዋን ስበራት አልኩት። ከዚያ ወርጄ አየሁ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሏል።" ጭብጧን ፈታችው። መዳፏ ላይ ቀይ ጭረት ያለበት ዳዶ ተኝቷል። "ይሄን በጣቴ ነው የፈታሁት፣ አባዬ። በሁለት ጣቴ።"

አባቴ ዳዶውን ወሰደና ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ደግሞ አስጠጋው። ቅንድቡን እስኪነካ አስጠግቶ፣ ወደ ብርሃን ዞሮ፣ መስመሩን ፈለገ። ሁላችንም አየነው። በዚህ ጊዜ ፊቴን አላዞርኩም።

"ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ" አለ።

"የቀባሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

"በኋላ ትካፈሉታላችሁ" አለች እህቴ። "አባዬ፣ ዓይንህ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?"

"እጄ ያያል።"

"እጅህ ቀለም አያይም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ፣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ዳዶውን ከአባቴ እጅ ወስዳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

ጆንያዎቹን አውርደን ከመንገዱ ዳር ደረደርን። አክስሉ በግራ በኩል ሦስት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ የፍሬኑ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል፤ አልተበጠሰም። ኋላዋን በክሪክ አነሳን። ቁልቁለት ላይ፣ በአንድ ክሪክና በድንጋይ ቁልል ላይ ወደ ቆመች መኪና ሥር መግባት ነበረብኝ። አካሌ እምቢ አለኝ። ሆዴ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ እጄ ወደ ፊት አይሄድም።

አባቴ ከማዶ ተኝቶ አየኝ፤ ወይም ወደ እኔ አቅጣጫ ተመለከተ። "ፈራህ?"

"ፈራሁ።"

"እኔም። ና ግባ።"

ገባሁ። በቱቦው አክስሉን ስገፋ እሱ ጣቱን ጉድጓዱ ላይ አድርጎ ይመራኛል። "ወደ ፊት። ትንሽ። ሩብ ጣት። አቁም… ገባች።" እምብርቷ ስትገባ እኔ አላየሁም፤ እሱ ነው በጣቱ ያወቀው። ሹፌሩ ክሪኩን ዝቅ አደረገ። ክብደቷ ሲያርፍ ባሌስትራው አቃሰተ፤ እኔም አብሬው። ቱቦውን ሰካሁ፤ አንዱን ዳዶ እስከ መጨረሻው ሳብኩ። "አጠበቅክ?" አለኝ አባቴ። "አጠበቅኩ" አልኩ። ቃሌን አልተቀበለም፤ እጁን ሰዶ መፍቻውን ራሱ ስቦ ሞከረ። አራቱንም እንደዚያ አደረግን። ከዚያ የቀኞቹን አራት፣ እኔ በትክክል ያጠበቅኳቸውንም፣ እንደገና ሞከርናቸው። እህቴ አጎንብሳ በቁልፍ ጫፍ ከስምንቱም ላይ ቀዩን ፍቃ አነሳችው።

"ቀለሙ?" አልኳት።

ብልቃጡን ከቦርሳዋ አወጣችና ወደ ገደሉ ወረወረችው። ሲያርፍ አልሰማንም።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መዞሪያ የለም፤ መውረድ ብቻ ነው ያለው። ሰባት መታጠፊያ ይቀራል። እህቴ ጋቢናው በር ላይ ቆማ መግባት አቃታት፤ እጇ እጀታውን ይይዛል፣ ይለቃል። "አባዬ፣ አንተ ትመጣለህ?" አለች።

"ከግራው ጎማ በላይ እቀመጣለሁ" አለ። ያኔ ገባች።

ሞተሩን ከጆንያዎቹ አጠገብ አቁመን፣ እኔና አባቴ ባዶው የጭነት ቦታ ላይ ወጣን። አባቴ በጎኑ ተጋድሞ መዳፉን ወለሉ ላይ፣ ልክ ከጎማው በላይ ዘረጋ፤ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ሹፌሩ በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው በእግሩ ሊቀድመን በሚችል ፍጥነት ለቀቃት።

አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ጎማዎቹ ጠጠር እየፈጩ ዞሩ። በእኔ በኩል ገደሉ ነበር። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

"ድምፅ አለ?" አለኝ።

ቶሎ "የለም" ልለው ነበር፤ ደስ እንዲለው። አፌን ዘጋሁ። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስጠግቼ፣ የፊት ጎማዎቿ ቀጥ እስኪሉ፣ የኋላዎቹም እስኪከተሉ፣ መታጠፊያው ሙሉ በሙሉ ከኋላችን እስኪቀር ጠበቅኩ።

"የለም" አልኩት።

ስድስት ቀረ።